የአንቱ ግራ ነው የኔ ግራ?

አጎቴ የሚኖሩት ዋሽንግተን ነው። ቤት የሚያሠሩት ግን ጎንደር፣ አዘዞ። ተወካያቸው እኔ ነኝ። ተወካይ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ፣ ስልክ ከፍ አድርጎ ይዞ በብሎኬት ክምር መሀል የሚዞር ሰው ማለት ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የደረስን ቀን በቪዲዮ ደወሉ። ጎንደር አስራ አንድ ሰዓት ሲል እሳቸው ጋ ገና ጠዋት ነው። ቡናቸውን ይዘዋል። ግንበኛው ሲባጎውን ወጥሮ ይጠብቃል።

«በሩ እዚያ ጋ ይሁን» አሉኝ።

«የት ጋ፣ ጋሼ?»

«እዚያ ነዋ! ከመስኮቱ በስተግራ።»

«የአንቱ ግራ ነው የኔ ግራ?»

«ግራ ግራ ነው ልጄ። ምን ሁለት ግራ አለ?»

ሁለት ግራ አለ። እሳቸው የያዙት ሥዕል ቤቱን ከውጭ ነው የሚያሳየው። እኔ የቆምኩት ከውስጥ ነው። ግንበኛው «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ሲሚንቶው ሊደርቅ ነው» ሲለኝ በኔ ግራ አሳየሁት። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ስልክላቸው ዝም አሉ። አጎቴ ዝም ካሉ ነገር አለ። አስራ ስምንት ብሎኬት ፈረሰ። የአንድ ቀን ተኩል የእጅ ዋጋ ተከፈለ። በሩም ወደ ወዲያኛው ጎን ዞረ።

ከዚያ በኋላ ነው «በጋራ ምናባዊ ቦታ ውስጥ አብሮ መሥራት» የሚባለውን ነገር በደንብ ያነበብኩት። በፊት የጨዋታ ነገር ይመስለኝ ነበር። መነጽር አድርጎ ግድግዳ ጋር የሚጋጭ ልጅ ቪዲዮ ነው የማውቀው። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ አንዲት ትንሽ ቃል ለማዳን የተሠራ ሆኖ ታየኝ። «ይሄ» የምትባለውን።

እስቲ አስቡት። ይሄ፣ ያ፣ እዚህ፣ እዚያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ። ሥራ ቦታ ላይ ከምንናገረው ግማሹ እነዚህ ናቸው። «ይቺን አጥብቃት»፣ «ያንን ወዲህ ሳበው»። ጣት ከጎናቸው ከሌለ ግን ባዶ ቀፎ ናቸው። በስልክ ድምፅ ይሄዳል፣ ጣት አይሄድም። በቪዲዮም ቢሆን አጎቴ የሚያዩት እኔ በከፈትኩላቸው ቀዳዳ ነው። ጣታቸውን ቢቀስሩ የሚነኩት የራሳቸውን ስልክ መስታወት ነው። የኔ ግድግዳ ላይ ምንም አያርፍም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው ቪአር ይባላል፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ። ዓይንህን ሙሉ በሙሉ ጋርዶ ሌላ ቦታ ይወስድሃል። ሁለተኛው ኤአር ነው፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ። ያለህበትን ቦታ እንዳለ ይተውና ላዩ ላይ ይጨምራል። ፊትህ ያለው የብሎኬት ግድግዳ እውነተኛ ነው፤ እሱ ላይ የሚታየው ቀይ መስመር ግን ተጨማሪ ነው። በኛ ጉዳይ አጎቴ ቪአር፣ እኔ ኤአር እንሆናለን ማለት ነው። እሳቸው ሳሎናቸው ቁጭ ብለው በኮምፒውተር በተሠራ የቤቱ አምሳያ ውስጥ ይዞራሉ። እኔ አዘዞ እውነተኛው ቤት ውስጥ እቆማለሁ። ጣታቸውን ሲቀስሩ ጣቱ እኔ ጋ፣ እውነተኛው ብሎኬት ላይ ያርፋል።

«ምናባዊ» የሚለው ስም ብዙም አይጥመኝም። ቦታው ምናባዊ ይሁን፣ ጣቱ ግን የእውነት ጣት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1968 (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው ከኮርኒስ ጋር በብረት ክንድ ተያይዞ ነው የሚሠራው። ሰውየው አንገቱን ሲያዞር ብረቱ አብሮ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩም የት እያየ እንደሆነ ከብረቱ ያውቃል። የሚታየው ደግሞ በመስመር ብቻ የተሳለ ሳጥን የመሰለ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ነገሩ ከቤተ ሙከራ ብዙም ሳይወጣ ቆየ። በ2012 ፓልመር ላኪ የሚባል ወጣት ኦኩለስ የተባለውን የቪአር መነጽር ይዞ ብቅ አለ። በ2014 ፌስቡክ ድርጅቱን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ቀሪው ታሪክ የገበያ ነው፣ እንለፈው።

ዋናው ጥያቄ ግን ከሰዘርላንድ ጀምሮ አልተለወጠም። መሣሪያው የት እንዳለ በምን ያውቃል? የዛሬው መነጽር ከኮርኒስ ጋር አልታሰረም። ጂፒኤስም ቤት ውስጥ አይረባም፤ ሜዳ ላይ እንኳ በሜትሮች ይስታል። እዚህ ጋ የሚፈለገው ሚሊሜትር ነው።

መልሱን ጎንደር ለኖረ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ? እጅህን ዘርግተህ ትነሳለህ። ሶፋውን ትነካለህ። «እሺ፣ ሶፋው ይሄ ከሆነ በሩ ሁለት እርምጃ ነው።» ሁለት ትራመድና በሩን ትነካለህ። እንግዳ ቤት ከሆነ ደግሞ እየዳሰስክ የቤቱን ካርታ በጭንቅላትህ ትሥላለህ፣ በዚያው ካርታ ራስህ የት እንዳለህ ታውቃለህ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ። መነጽሩም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ በእጅ ፋንታ በካሜራ። ግድግዳ ላይ ያሉ ነጥቦችን ይለቅማል። የብሎኬት ጠርዝ፣ የሚስማር ራስ፣ የመስኮት ማዕዘን። ራስህን ስታንቀሳቅስ ነጥቦቹ እንዴት እንደተንሸራተቱ አይቶ አንተ ምን ያህል እንደሄድክ ያሰላል። በመሀል ያለውን ክፍተት በውስጡ ያሉ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች ይሞሉታል። ይሄ ሁሉ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ከዚህ የሚመጣ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። መሣሪያው ሸካራ ነገር ይወዳል። የፋሲል ግምብ ግድግዳ ለሱ ድግስ ነው። አንዱ ድንጋይ ሌላውን አይመስልም፣ በመሀሉ ኖራ አለ፣ እዚህም እዚያም ሣር በቅሏል። የትም ብታይ የሚያዝ ነጥብ አለ። አዲስ የተለሰነ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ ስታስገባው ግን ይደነብራል። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። የሚይዘው የለም። ስንትና ስንት ቴክኖሎጂ ተሸክሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ውስጥ ቤተኛ፣ በአዲስ ቪላ ውስጥ ግን እንግዳ ይሆናል።

ይሄ እንግዲህ አንድ መሣሪያ ራሱን ሲያገኝ ነው። ሁለት ሲሆኑ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የኔ ስልክ የቤቱን ልኬት የጀመረው እኔ ካበራሁበት ቦታ ነው፣ ከደጃፉ። ሌላው ሰው የጀመረው ከጓዳ ሊሆን ይችላል። ለኔ «ሦስት ሜትር ወደፊት» ማለት ለሱ «አንድ ሜትር ወደ ኋላ» ነው። ተመልሰን «የማን ግራ?» ውስጥ ገባን፣ አሁን ደግሞ በማሽኖች መካከል።

መፍትሔው የግንበኛ መፍትሔ ነው። ችካል። ቤት ሊጀመር ሲል ምን ይደረጋል? መጀመሪያ አንድ ችካል ይመታል። ከሱ ሲባጎ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሲለካ ከችካሉ ነው የሚለካው። አንዱ ከአጥር፣ አንዱ ከዛፍ ቢጀምር ቤቱ ቤት አይሆንም። በምናባዊ ቦታም ሁለቱም መሣሪያዎች የሚያውቁት አንድ ነገር ይመረጣል። አንዳንዴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኪውአር ኮድ ነው። አንዳንዴ አንዱ መሣሪያ የለቀማቸውን ነጥቦች ለሌላው ይልክለታል፣ ያኛውም ካሜራውን ዙሪያውን ያዞርና «አዎ፣ ይቺን ማዕዘን አወቅኳት» ይላል። እንደ አጎቴ በሥፍራው የሌለ ሰው ደግሞ በአምሳያው ላይ ያቺኑ ማዕዘን ችካል ያደርጋታል። ከዚያ ወዲያ «እዚህ» ማለት ለሁሉም አንድ «እዚህ» ነው። ባለሙያዎቹ ለዚህ ረጅም ረጅም ስም አላቸው። እኔ ችካል ብየዋለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚፈራው ነገር እንምጣ። ኔትዎርክ።

«እንኳን ይሄ፣ ቪዲዮው ራሱ መች ይሠራና!» ይባላል። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር። ሲሰላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የቪዲዮ ጥሪ ሥዕል ይልካል። ሥዕል ደግሞ ከባድ ነው። የጋራ ምናባዊ ቦታ ሥዕል አይልክም። ሁለት ሰው እቤታቸው ዳዊት ይዘው በስልክ አብረው ሊጸልዩ ነው እንበል። አንደኛው ገጹን ፎቶ እያነሳ አይልክም። «መዝሙር 50» ይላል፣ ያኛው ከራሱ ዳዊት ያወጣል። የተላከችው ቁጥሯ ብቻ ናት። እዚህም እንዲሁ ነው። የቤቱ አምሳያ አስቀድሞ በሁለታችንም መሣሪያ ላይ ተጭኗል። አጎቴ ሲንቀሳቀሱ የሚላከው መልካቸው አይደለም። ጭንቅላታቸውና ሁለት እጃቸው የት እንዳሉ የሚናገሩ ቁጥሮች ናቸው። የኔ መሣሪያ ቁጥሮቹን ተቀብሎ የሳቸውን ምስል ራሱ ይሥላል።

ቁጥሮቹ ስንት ናቸው? አንድ ነገር የት እንዳለ ለመናገር ሦስት ቁጥር ይበቃል፤ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደፊት። ወዴት እንደዞረ ለመናገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት። ሰባት። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢይዝ 28 ባይት። ጭንቅላትና ሁለት እጅ፣ ሦስት ሲባዛ በ28፣ 84 ባይት። በሰከንድ 30 ጊዜ ይላክ፣ 2,520 ባይት። በሰዓት 9 ሜጋባይት ገደማ ነው። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ፖስታ ስላለው እሱም ትንሽ ይመዝናል፤ ከነፖስታው አስራ ሁለት እንበለው። ድምፁን ደህና አድርጎ ለመላክ ሌላ አስራ አምስት ያህል። ሲደመር ሠላሳ እንኳ አይሞላም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) የሚበላ ተራ የቪዲዮ ጥሪ ግን በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል።

ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ነው ያሰላሁት። ያመንኩት ሦስተኛው ላይ ነው።

ነጻ ምሳ ግን የለም። አምሳያው ራሱ አንድ ጊዜ መጫን አለበት፣ እሱ በመቶዎች ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ዳዊቱ አንድ መሆን አለበት። ግንበኛው ዛሬ ጠዋት ግድግዳ ጨምሮ፣ የአጎቴ አምሳያ የባለፈው ሳምንት ከሆነ፣ እሳቸው አየር ላይ እየጠቆሙ ነው። የኛ ችግር የሚመስለኝ እዚህ ጋ ነው። ቤቱ በየቀኑ ይለወጣል። በየማታው ማነው እየዞረ ዳግም የሚለካው? ተወካዩ ነዋ።

አምሳያው የሚሠራው በፎቶ ነው። አንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር አብዛኛው ክፍሉ እየተደራረበ ብዙ ፎቶ ታነሳለህ። ኮምፒውተሩ አንዲቱን ጠጠር ከአምስት አቅጣጫ አይቶ የት እንዳለች ያሰላል። በሌዘር የሚለካም አለ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የለካቸው በዚህ ነው። ከ2020 ጀምሮ የአንዳንድ ውድ አይፎኖች ጀርባ ላይም ትንሽ ሌዘር መለኪያ አለች። እኔ ባለኝ ስልክ የአጎቴን ሳሎን በፎቶ ሞክሬው ነበር። የብሎኬቱ ግድግዳ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የመስኮቱ መስታወት ግን የቀለጠ ቅቤ መሰለ። መስታወትና ውሃ ለዚህ ሥራ አይመቹም።

ዳታው ካነሰ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? መዘግየቱ ላይ። ብዙ ሰው «ቀርፋፋ ኔትዎርክ» ሲል ሁለት ነገር ይቀላቅላል። የቧንቧው ስፋት አንድ ነገር ነው፣ ውሃው እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሌላ።

የመጀመሪያው መዘግየት የራስህ አንገት ነው። አንገትህን ስታዞር ፊትህ ያለው ሥዕል ወዲያው መዞር አለበት። ከ20 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በላይ ከዘገየ ሆድህ ይገለበጣል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ከኋላ ወንበር የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ደግነቱ ይሄኛው ከኔትዎርክ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሥዕሉን የሚሥለው እዚያው ራስህ ላይ ያለው መሣሪያ ነው። የአዘዞ ኔትዎርክ ቢቋረጥ አጎቴ ይደርቃሉ እንጂ አንተን አያቅለሸልሽህም። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

ሁለተኛው የሰውየው መዘግየት ነው። ከዋሽንግተን ጎንደር በአየር ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ መንገዱ ብቻ 55 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። አገራችን ባሕር ስለሌላት መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አገር ወደብ ወርዶ፣ ከዚያ በባሕር ሥር ዞሮ ነው የሚሄደው። በየመገናኛው ደግሞ ይቆማል። ይሄን ማንም ቴሌኮም በገንዘብ አይገዛውም፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ለንግግር ሲሆን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ያለውን ጥሩ ይለዋል። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች አፍ ለአፍ መናጠቅ ይጀምራሉ። «አንቱ ይቅደሙ»፣ «የለም አንተ ቀጥል»።

ምን ያህል መታገሥ እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ሥራ አለ። መስከረም 2001 (ያው በፈረንጅ) ዣክ ማሬስኮ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ኒው ዮርክ ቁጭ ብለው ስትራስቡርግ ያለች ታማሚን ሐሞት ከረጢት በሮቦት እጅ አወጡ። እጃቸው ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ውጤቱን በዓይናቸው እስኪያዩ የነበረው መዘግየት 155 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። ለሥራው ብቻ የተለየ መስመር ተዘርግቶላቸው እንደነበር አይረሳ። ሐሞት ከረጢት ከወጣ የመታጠቢያ ቤት በር አያቅትም።

መልእክቱ በመሀል ሲጠፋስ? መሣሪያው ይገምታል። የአጎቴ እጅ ወደ ቀኝ እየሄደ ከነበረ፣ ቀጣዩ ቁጥር እስኪመጣ በዚያው ወደ ቀኝ ያስኬደዋል። ሲመጣ ያስተካክላል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ሰውየው ግድግዳ ሰንጥቆ ገብቶ ድንገት ተስፈንጥሮ የሚመለሰው። ያየ ሰው «መንፈስ ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ሦስተኛው ጣጣ ንጥቂያ ነው። አጎቴና እኔ አንዲቱን ምናባዊ በር በአንድ ጊዜ ብንይዛትስ? እኔ ጋ ወደ ግራ ሄዳለች፣ እሳቸው ጋ ወደ ቀኝ። ሁለት ቤት ሆነ ማለት ነው። እንደ እድር ነው የሚፈታው። ዳኛ ይቀመጣል። ዳኛው ሰርቨሩ ነው፣ በመሀል ሆኖ መሣሪያዎቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር። ዕቃ ያነሳ ሰው መጀመሪያ ዳኛውን ይጠይቃል፣ የቀደመው ይሰጠዋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ብልጥ አሠራር ደግሞ ዳኛው እስኪፈርድ አያስጠብቅህም፤ ዕቃውን ይሰጥህና ፍርዱ ካንተ በተቃራኒ ከወጣ ከእጅህ ይነጥቅሃል። ይሄኛው ያናድዳል፣ ግን ይፈጥናል።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይረሳል። በቪዲዮ ስብሰባ አስር ሰው በአንዲት ቀዳዳ ይናገራል። በምናባዊ ቦታ ግን ከቀኝህ የቆመ ሰው ድምፁ ከቀኝ ይመጣል። ዘዴው ተፈጥሯዊ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮህ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፣ ግራው ጋ ግን ቢበዛ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ። አእምሮህ ከዚያች ቅንጣት ልዩነት አቅጣጫውን ያወጣል። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ሕዝቡ መሀል ሆነህ የትኛው ከበሮ ከየት እንደመጣ ዓይንህን ጨፍነህ የምታውቀው በዚህ ነው። መሣሪያው ልዩነቷን አስመስሎ ይሠራታል። ሰው ሲበዛ ጥቅሙ ይታወቃል።

እኛን ግን አንድ ነገር ይጎድለናል። «አዎ»ያችን። ጎንደሬ አዎ ሲል ሁልጊዜ አፉን አይከፍትም። ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ወይ ደግሞ እስትንፋሱን ወደ ውስጥ ስብ ያደርጋታል። ርካሽ መነጽሮች ቅንድብ አያነቡም። ወደ ውስጥ የተሳበችውን እስትንፋስ ደግሞ ጫጫታ የሚያጠፋው ፕሮግራም ጫጫታ ናት ብሎ ሊቆርጣት ይችላል። ሰውየው ሦስት ጊዜ አዎ ብሎ አንተ «ምነው ዝም አልክ?» ትለዋለህ።

በዓለም ላይ ነገሩ የት ሠራ፣ የት ከሸፈ? ፌስቡክ በ2021 ስሙን ሜታ ብሎ ሲቀይር ሰው ሁሉ ቢሮውን ትቶ በመነጽር ስብሰባ የሚቀመጥ መስሎ ነበር። አልሆነም። አልትስፔስ የተባለው የማይክሮሶፍት ምናባዊ መሰብሰቢያ በ2023 ተዘጋ። ሆሎሌንስ የተባለው የኤአር መነጽሩም በ2024 ምርቱ ቆመ። እኔ ምክንያቱ አይገርመኝም። ተራ ስብሰባ ላይ የሚጠቆም ነገር የለም። ሁሉም ስለ በጀት ነው የሚያወራው። በጀት «ይሄ» ተብሎ በጣት አይነካም። ለዚያ ግማሽ ኪሎ ራስ ላይ መጫን ምን ይባላል?

የሚነካ ነገር ባለበት ግን ነፍስ አለው። ክሊቭላንድ ያለው የኬዝ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ክፍሎችን በዚሁ በሆሎሌንስ ነበር የሚያስተምረው። በኮሮና ጊዜ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ሆነው አንዱን ልብ አብረው ከበው አዩ። መምህሩ «ይቺ ቧንቧ» ሲል ቧንቧዋ ለሁሉም አንዲት ናት። እዚህ ጎንደር፣ በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ፣ ይሄ ወሬ ጆሮ የሚያስቆም ይመስለኛል። ማሽን ጥገናም እንዲሁ ነው። ባለሙያው ሌላ አገር፣ ማሽኑ እዚህ።

የመነጽሩ ዋጋስ? የአፕሉ ቪዥን ፕሮ በ2024 ሲወጣ 3,499 ዶላር ነበር። በዚያ የአጎቴ ቤት በርና መስኮት ያልቃል። የሜታው ኩዌስት 3 ሲወጣ 499 ዶላር ነበር። ክብደቱ 515 ግራም ነው፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር ግንባርህ ላይ አስረህ እንደመሥራት። ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ነው የሚቆየው፣ መብራት ባለበት ቀን እንኳ አጭር ነው። አንድ ምክር ግን ልስጥ፣ ዘመድ ያመጣለት ሰው ካለ። መስኮት ላይ እንዳታስቀምጡት። ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር ፀሐይን ሰብስቦ ውስጡን ያቃጥለዋል። የጥር ፀሐያችን ለዚህ ደቂቃዎች ይበቃዋል። የሚያሳልፍ መስታወት ያላቸው የኤአር መነጽሮች ደግሞ ደጅ ላይ ሥዕላቸው ይደበዝዛል።

ስለዚህ ለኛ የሚቀርበው ስልክ ነው። ብዙ ደህና ስልኮች ያለ ምንም መነጽር ኤአር ይሠራሉ፤ ካሜራውን ወደ ግድግዳው ታዞራለህ፣ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ግድግዳው ጋ ተጣብቆ ይታያል። አንድ እጅህ ግን ተያዘ። ደግሞ አንድ ነገር አስቡበት። መሣሪያው ራሱን ለማግኘት የቤትህን ካርታ ይሠራል። መኝታ ቤት፣ ጓዳ፣ በሩ የቱ ጋ እንደሆነ። ካርታው የት እንደሚቀመጥ ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ።

እናቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ጥምቀትንም እዚያው ሆኖ ሊያከብር ነው?» አዎ፣ መዋኛውን ዙሪያውን ማየት ይችላል አልኳት። «ጠበሉስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

እኛ ምን አደረግን? ምንም አልገዛንም። ከበሩ ጣጣ በኋላ አንድ ቀን ግንበኛው ከሰል አንስቶ አራቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፈ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አጎቴም ፕላናቸው ላይ እነዚያኑ ፊደሎች ጻፉ። ከዚያ በኋላ «ግራ» የሚል ቃል ከመሀላችን ጠፋ። «ሐ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር፣ ከመስኮቱ አርባ ሳንቲም» ይላሉ፣ ውሃ ልክ ይቀመጣል፣ ያልቃል። አንዲት ፊደል ናት የተላከችው። የመብራት ሶኬቱ፣ የውሃ መስመሩ፣ ሁሉም በሀ በለ ተሠራ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ሳሎኑ ተለስኖ አልቆ ነበር፣ ጄሶው ገና እርጥብ ነው። ስልኩን አዞርኩላቸው። ነጭ።

«ሐ የታለች?» አሉኝ።

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። በየት በኩል እንደገባሁም ለአፍታ ጠፋኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እስቲ መጀመሪያ በሩን ላግኘው።»